ፈተና ላይ «ሁሉም ጠፋኝ» እንዳይሆን፦ ጭንቀት ሰውነት ላይ ሲነሳ ምን ይደረጋል?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት በመጀመሩ፣ ብዙ ተፈታኝ ከቤቱ ርቆ በማያውቀው ዶርም አድሮ ነው አዳራሽ የሚገባው። ወላጅ ሲሸኝ «አይዞህ፣ አትጨነቅ» ይላል። ከፍቅር የመጣ ቃል ነው፤ ልብ ግን በትእዛዝ አይረጋም። የልብ ምትን፣ ላብንና የሆድ ዕቃን እንቅስቃሴ የሚመራው ከፈቃዳችን ውጭ የሚሠራ ነርቭ ነው። ከዚያ ሁሉ በእጃችን ያለው ልጓም ትንፋሽና ጡንቻ ነው። ልጓሙን መቼ መሳብ እንዳለብን ለማወቅ ደግሞ የሰውነትን ሰዓት ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁለቱ ማዕበሎች

የጥያቄ ወረቀት ሲታደል አንጎል ውስጥ ያለችው አሚግዳላ «አደጋ!» ብላ ታውጃለች። ለእሷ ጅብም የሒሳብ ጥያቄም አንድ ናቸው። በሰከንዶች ውስጥ ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይረጫሉ፤ የመጀመሪያው ማዕበል ይህ ነው። ልብ ይፈጥናል፤ ደም ከቆዳና ከሆድ ዕቃ ተቀንሶ ወደ ትልልቅ ጡንቻዎች ይሄዳል። ጣት የሚቀዘቅዘው፣ አፍ የሚደርቀው፣ ሆድ የሚገላበጠው በዚህ ምክንያት ነው። ትልቁ አንጀት ደግሞ በተቃራኒው ይቸኩላል፤ መጸዳጃ ቤት በር ላይ ያለውን ሰልፍ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ሁለተኛው ማዕበል ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ነው፤ ዘግየት ብሎ ይመጣል። በደም ውስጥ ከፍተኛው መጠን ላይ የሚደርሰው ጭንቀቱ ከጀመረ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ ነው። ኮርቲሶል ሲበዛ የተማሩትን ከትውስታ ጎትቶ ማውጣት ይከብዳል። ስለዚህ «ሁሉም ጠፋኝ» የሚል ተማሪ ሰነፍ ላይሆን ይችላል፤ ዕውቀቱ እዚያው አለ፣ የተዘጋው በሩ ነው። ከአዳራሹ እንደወጣ መልሱ ብልጭ የሚልለትም ለዚህ ነው።

እንግዲህ አስሉት። ፈተናው 3 ሰዓት ላይ የሚጀምር ከሆነ፣ 2 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ተሰብስቦ «ይቺን ፎርሙላ ታውቃታለህ?» መባባል ኮርቲሶሉን ልክ ወረቀቱ ሲገለጥ ጫፍ ላይ ማድረስ ነው። ያቺን ግማሽ ሰዓት ከግርግሩ ራቅ ብላችሁ አሳልፏት።

ትንፋሽ

እዚህ ላይ የሚሳሳተው ብዙ ነው። የተጨነቀ ሰው በደረቱ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከደሙ ከመጠን በላይ ይወጣል፤ ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ። ውጤቱ ማዞር፣ የጣትና የከንፈር መደንዘዝ፣ አየር ያነሰ መምሰል ነው። ተማሪው ራሴን ልስት ነው ብሎ ይበልጥ ይተነፍሳል፣ ይብስበታል። «በኃይል ተንፍስ» የሚለው ምክር የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው፤ የሚያስፈልገው ብዙ አየር ሳይሆን ዝግ ያለ ትንፋሽ ነው።

በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ። ቆጠራው ሰከንድ በሰከንድ ከሆነ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል። አንድ እጅ ሆድ ላይ አድርጉ፤ መንቀሳቀስ ያለበት እሱ እንጂ ትከሻ አይደለም። ማስወጫው የሚረዝመው ልብን የሚያዘገየው ነርቭ የሚበረታው አየር ሲወጣ ስለሆነ ነው። ሳንባን እስኪወጠር አትሙሉት። መቁጠሩ ራሱ ካስጨነቃችሁ ቁጥሩን ትታችሁ ማስወጫውን ብቻ አስረዝሙ። ፌስታል ውስጥ መተንፈስ የሚባለውን ግን በጭራሽ አትሞክሩ፤ አየር አሳጥቶ አደጋ ያመጣል።

ልምምዱ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይጀመር፤ ጠዋትና ማታ 5 ደቂቃ። አንዳንዴ ደረጃ ሮጣችሁ ወጥታችሁ፣ ልብ እየመታ ሳለ አድርጉት፤ አዳራሹ ውስጥ የሚጠብቃችሁ እንዲህ ያለ ልብ ነው። ተረጋግቶ ብቻ የተለማመደ ሰው የፈተናው ቀን እንግዳ ይሆንበታል።

ጡንቻውን ከጠረጴዛ ሥር ማንም ሳያይ ማላላት ይቻላል። ጭንን ወይም የእግር ጣትን ለ5 ሰከንድ አጥብቁ፣ ለ10 ሰከንድ ልቀቁ። ከዚያ ትከሻን ወደ ጆሮ ሳብ አድርጎ መልቀቅ። እጅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መጀመሪያ እስክሪብቶውን አላሉት።

ከፈተናው በፊት ያሉት ቀናት

ደብተር ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ዘግቶ፣ ባዶ ወረቀት ላይ የሚያስታውሱትን መጻፍ ይሻላል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካው ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንዳሳየው፣ ራሳቸውን እየፈተኑ ያጠኑ ሰዎች ጭንቀት ቢገጥማቸውም የማስታወስ ችሎታቸው አልወረደም፤ ደጋግመው ያነበቡት ግን ተጎድተዋል።

ቡና፦ ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማታ 12 ሰዓት የተጠጣ ሲኒ እኩሌታው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይም አብሯችሁ ነው። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ደግሞ በፈተናው ቀን በድንገት ቢያቆም ራስ ምታት ይይዘዋል፤ ጠዋት የለመዳትን አንድ ሲኒ ይጠጣ። ጫት ሌላ ነገር ነው፤ ውስጡ ያለው ካቲኖን የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ የመጀመሪያውን ማዕበል በእጅ እንደመጥራት ነው። ጓደኛ «ልብ ያረጋጋል» ብሎ የሚሰጠውን ፕሮፕራኖሎል ያለ ሐኪም አትዋጡ፤ አስም ላለበት ሰው ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል።

ቁርስ ቀለል ያለ ይሁን፣ ከፈተናው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀደም ብሎ። ቅባትና በርበሬ የበዛበት ምግብ ለዚያ ሆድ አይሆንም።

ከመውጣታችሁ በፊት 10 ደቂቃ ወስዳችሁ የሚያስፈራችሁን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉና ቅደዱት። የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከፈተና በፊት ስጋታቸውን የጻፉ ጭንቀታም ተማሪዎች ካልጻፉት የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ስጋት ለስሌት የሚያስፈልገውን የአእምሮ ቦታ ይይዛል፤ ሲጻፍ ይለቃል።

አዳራሹ ውስጥ

ሁለቱን እግር መሬት አስረግጡ፣ ወረቀቱን ሳትገልጡ 6 ትንፋሽ ውሰዱ። አንድ ደቂቃ ነው። ከዚያ ቀላል የመሰላችሁን ጥያቄ አስቀድሙ።

አእምሮ ድንገት ባዶ ሲሆን ያንኑ ጥያቄ አሥር ጊዜ ማንበብ አይጠቅምም። እስክሪብቶ አስቀምጡ፣ ዓይናችሁን ወደ ጣሪያው ወይም ወደ ግድግዳው መልሱ (ፈታኙ ሌላ እንዳይጠረጥር ወደ ጎረቤት ብቻ አይሁን)፣ ሦስት ጊዜ ረዘም አድርጋችሁ አስወጡ፣ ጥያቄውን ምልክት አድርጋችሁ እለፉ። ስታልፉ የመልስ ወረቀቱ ላይም ያንኑ ቁጥር ዝለሉ፤ በድንጋጤ አንድ መስመር የሳተ ሰው ከዚያ በታች ያለው መልሱ ሁሉ ይዛነፋል። በየ10 ጥያቄው የጥያቄውንና የመልሱን ቁጥር አስተያዩ።

ስትወጡ መልስ አታስተያዩ። ከሰዓት ሌላ ትምህርት ካለ የተሳሳቱት አንድ ጥያቄ ሁለተኛ የኮርቲሶል ማዕበል ያስነሳል። 20 ደቂቃ በእግር መሄድ ይሻላል።

ሁሉም የልብ ምት ግን የፈተና አይደለም። ፈተና በሌለበት ጊዜም፣ ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ ለ60 ሰከንድ ስትቆጥሩ በተደጋጋሚ ከ100 በላይ ከሆነ፣ ወይም ሳትፈልጉ ክብደት ከቀነሳችሁ፣ ሙቀት አልቻል ካላችሁ፣ እጅ ሁሌ ከተንቀጠቀጠ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ችግር ወይም የደም ማነስ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደም ተመርመሩ።