የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦልን ከቱሉ ዲምቱ መደገፍ

ታላቅ ወንድሜ ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስ ስለሚኖር የዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የኦሃዮ ስቴት ደጋፊ ነኝ፤ የምር ደጋፊ። እናንተም ልትሞክሩ ካሰባችሁ መጀመሪያ ሰዓቱን ያዙ። ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ እኛ ከኦሃዮ 8 ሰዓት እንቀድማለን። ከተቀናቃኙ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚደረገው ጨዋታ ከታንክስጊቪንግ (በኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ ከሚውለው የአሜሪካ የምስጋና በዓል) ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ነው። እዚያ እኩለ ቀን ላይ ሲጀመር እኛ ጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ፉክክራቸው በፈረንጆች 1897 የተጀመረ ነው፤ እኔ ከዚህ የሚበልጥብኝ ጨዋታ የለም። ጎረቤት ጋብዙ። ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ ቆሎና ሻይ በደንብ አዘጋጁ። የነቢያት ጾም ነውና ሥጋ አታስቡ።

ለአዲስ ተመልካች ይህን ብቻ ንገሩት፦ ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ (9 ሜትር ገደማ) ወደፊት ለመግፋት 4 ዕድል አለው። ታችዳውን (ኳሱን ይዞ የተጋጣሚ መጨረሻ ክልል መግባት) 6 ነጥብ፣ ፊልድ ጎል (ኳሱን መትቶ በቋሚዎቹ መካከል ማሳለፍ) 3 ነጥብ ነው። ሌላው እያየ ይገባዋል።

ከዚያ የቦውል ጨዋታዎች፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ የሚደረጉት ትልልቅ ጨዋታዎች ይመጣሉ። ከነሱ አንዱ ሮዝ ቦውል አብዛኛውን ጊዜ በጃንዋሪ 1 ነው፤ እኛ ጋ የሚጀምረው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። ቀን ላይ ትንሽ ተኙ። እኛ ሰፈር መብራት ስለሚጠፋ ስልክና ፓወር ባንክ አስቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉ፤ ልጆች ከተኙ ደግሞ ኢርፎን አትርሱ።