ከሩቅ ዘመዶች ጋር ትውልድ ስንቆጥር

ትውልድ ቁጠር የተባለ ሰው ብዙውን ጊዜ ከራሱ ይነሣና አባቴ፣ አያቴ፣ ቅድመ አያቴ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ለራስ ይህ ይበቃል፤ ሩቅ ዘመድ ለማግኘት ግን አይበቃም። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ በአባቴ ማማ ምድር፣ በእናቴ ጌራ ምድር። የሁለቱን ወገን ሐረግ ስሰበስብ የጠቀመኝ ተቃራኒው መንገድ ነው። አንድ የጋራ አባት ወይም እናት ይያዛል፤ ከዚያ ወደ ታች እየወረዱ ልጆቹን ሁሉ መጻፍ ነው፤ ወንዶቹንም ሴቶቹንም፣ ሳይወልዱ የሞቱትንም ጭምር።

ሴቶቹን አደራ። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፤ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ነው። ሴት ልጅ ተድራ ስትሄድ ልጆቿ በባሏ ስም ስለሚጠሩ፣ በስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ያጣቸዋል። በርስት ዘመን እንዲህ አልነበረም። ሰው በእናቱም ቆጥሮ መሬት ይጠይቅ ስለነበር ሽማግሌዎቹ የሴቶቹን ሐረግ አይስቱም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ግን ለርስት ብሎ የሚቆጥር ቀረ፤ ብዙዎቻችን አያት ላይ ስንደርስ እንቆማለን። ስለዚህ መጀመሪያ የምትሄዱት ከአዋጁ በፊት ነፍስ ያወቀ ሰው ዘንድ ይሁን። እሱ ካለፈ ሣጥኑን ጠይቁ። የርስት ክርክር ማመልከቻና የፍርድ ግልባጭ እስከ ዛሬ ያስቀመጡ ቤቶች አሉ፤ ተከራካሪው እስከ ዋናው አባት የቆጠረው እዚያ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

አጠያየቁ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ገጠር ውስጥ ዘር የሚጠይቅ እንግዳ ዛሬም መሬት ፈላጊ ይመስላል፤ ስለዚህ ለምን እንደምትጠይቁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። እኔ ስደውል ከሞቱት እጀምራለሁ፤ «እማማ፣ የእገሌ የልጅ ልጅ ነኝ፤ እርስዎስ ከእሳቸው ጋር በማን በኩል ነው የሚገናኙት?» እላለሁ። በዚህ ጥያቄ የማይከፈት አፍ ብዙም አላጋጠመኝም። ሩቅ ዘመድ የሚሰበሰበው ለቅሶ ላይ ቢሆንም፣ ለቅሶ ቤት ደብተር አይወጣም። ስልክ ብቻ ተቀበሉና ለአርባው ተዝካር አቆዩት፤ ያን ቀን ሽማግሌዎቹ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ አንዱ የዘለለውን ሌላው ይሞላል። ሲያወሩ አታቋርጡ፤ በፈቃዳቸው ስልካችሁ ላይ ቅዱና ማታ ቤት ገብታችሁ ጻፉት።

ለአጻጻፉ ቁጥር ተጠቀሙ። ዋናው አባት 1 ይሁን፤ ልጆቹ 1.1፣ 1.2፣ 1.3፤ የሁለተኛው ልጅ ልጆች 1.2.1፣ 1.2.2 እያለ ይወርዳል። የእናታችሁን ወገን በ2 ጀምሩ። አንድ ሰው በሁለቱም ሐረግ ውስጥ ሲገኝ ሁለቱንም ቁጥር አጠገቡ ጻፉ። ሁለት ወንድማማቾች ሁለት እኅትማማቾችን ያገቡበት ቤት ካለ ደግሞ ልጆቻቸው በአባትም በእናትም ዘመድ ስለሆኑ ሁለቱም መስመር ይጻፍ። «ቅም አያት»፣ «ምንጅላት» በሚሉት ላይ አትመኩ፤ አንዱ ቤት ሦስተኛውን የሚጠራበትን ሌላው ለአራተኛው ይለዋል። ስም በስም ይቆጠር።

ከሁሉም የሚያደክመው ሁለት ስም አንድ ሰው መሆኑን ማወቅ ነው። ቤት ውስጥ የሺመቤት የምትባል ሴት በክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ ናት፤ ስትመነኩስ ሌላ ስም ይወጣላታል። አባቴ ወገን ዘንድ አንዲት እማሆይ በምንኩስና ስማቸው ብቻ ይታወቃሉ። እናቴ ወገን ዘንድ ደግሞ ልጆቿን ድራ «ወደ ገዳም ሄደች» ከተባለች በኋላ ወሬዋ የጠፋ ሴት አለች። በሁለቱም ቤት በወር በወር 12 ቀን የሚካኤል ዝክር መኖሩን ሳይ ጠረጠርኩ፤ ግን አልጻፍኩም። የሚካኤል ዝክር የሌለበት ቤት ስንት ነው? ያሳመነኝ የወንድሞቿ ስም ነው፦ ሁለቱም ወገን፣ ሳይገናኙ፣ ከታላቅ እስከ ታናሽ በአንድ ቅደም ተከተል ጠሩልኝ። አንድን ሰው በራሱ ስም ሳይሆን በወንድም በእኅቱ አረጋግጡት የምለው ለዚህ ነው።

ዓመቱን በቀጥታ አትጠይቁ፤ «አባትዎ ሰገሌ ዘምተው ነበር ወይስ ገና ሕፃን ነበሩ?» በሉ። ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884፣ አድዋ 1888፣ ሰገሌ ጥቅምት 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ማይጨው 1928 ነው። «ዘመነ ሉቃስ ነበር» የሚል ከተገኘ በየአራት ዓመቱ የሚመጣውን ከነዚህ ጋር ታጋጥሙታላችሁ፤ ለምሳሌ የኅዳር በሽታው ዓመት 1911 ዘመነ ሉቃስ ነው። ከአንድ አባት አንዱ ወገን አምስት ትውልድ፣ ሌላው ሰባት ቢቆጥር ደግሞ ለመጣል አትቸኩሉ። በልጅነቷ የተዳረች የበኩር ልጅ ሐረግ ይፈጥናል፤ በእርጅና የተወለደ የመጨረሻ ልጅ ሐረግ ይዘገያል። አጎት ከወንድሙ ልጅ የሚያንስባቸው ቤቶች ሞልተዋል።

ውጭ ያሉትን ስትፈልጉ ወረቀታቸው ላይ ያለው የመጨረሻ ስም አያሳስታችሁ። አሜሪካ ከገቡ ወንድማማቾች አንዱ የአባቱን፣ አንዱ የአያቱን ስም የመጨረሻ ስም አድርጎ ሊሆን ይችላል፤ ልጆቻቸውም በዚያው ይቀጥላሉ። የዲኤንኤ ምርመራ ያደረጉ ካሉ ውጤቱ ዝምድና መኖሩን ያሳያል፤ በየትኛው ሐረግ እንደሆነ ግን አይናገርም። በሁለት በኩል የሚዛመዱ ሰዎች ደግሞ ከእውነተኛው ርቀታቸው ቀርበው ይታያሉ። የሽማግሌው ቃል አሁንም ያስፈልጋል።

ከጋብቻ ውጭ የተወለደ፣ ወይም አባቱ ሌላ መሆኑ በሹክሹክታ የሚወራ ሰው መገኘቱ አይቀርም። እኔ ይህን በራሴ ደብተር ለብቻው እጽፋለሁ፤ ባለቤቱ ወይም ልጆቹ ካልፈቀዱ ለቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ አይወጣም። በሕይወት ያሉትን ስምም ለሁሉ በሚታይ ቦታ አላስቀምጥም። ስለ ጋብቻ የሚጠይቁኝ ወጣቶች ሲመጡ ግን ሰባት ቤት መሙላቱን ቆጥሬ እነግራቸዋለሁ፤ ያኔ መደበቅ ጉዳት አለው።

በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ማን እንደነገራችሁና መቼ እንደሆነ ጻፉ፤ «ሁለት ሰው ብሏል»፣ «አንድ ሰው ብቻ» የሚል ምልክትም ይኑረው። ሲያልቅ በወረቀት አትሙና አንዱን ቅጂ አገር ቤት ላለው ዘመድ ስጡ፤ በስክሪብቶ እያረመ እንዲመልስላችሁ ሰፊ ኅዳግ ተዉለት።