ስፒከሩ አዲስ፣ ድምፁ ቆርቆሮ፦ የትንንሽ ክላሲክ መኪናዎች ችግርና መፍትሄ

ቢትል፣ ሚኒና ፊያት 500 ሲነደፉ ስለ ሙዚቃ የተጨነቀ ብዙም አልነበረም። ባለቤቶቻቸው ግን ድምፁ ሲያስከፋቸው ወዲያው ዋቱ ከፍ ያለ ስፒከር ይገዛሉ። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት መፈተሽ ይሻላል፤ ጥፋቱ በአብዛኛው ያለው በአገጣጠሙና በሽቦው ነው።

ባስ የለውም፣ ድምፁ ቀጥኗል

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሽቦ መገለባበጥ ነው። የግራው ስፒከር ወደ ውጭ ሲገፋ የቀኙ ወደ ውስጥ ከሳበ፣ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ለማረጋገጥ ሽቦዎቹን ከሬዲዮው ይንቀሉና ባለ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ያስነኳቸው። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ሲነካ የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ብቅ ማለት አለበት። ወደ ውስጥ የገባ ካለ የእሱን ሁለት ሽቦዎች ማቀያየር ይበቃል።

ሽቦው ደኅና ከሆነ ጥፋተኛው ስፒከሩ የተገጠመበት የበሩ ካርቶን ነው። ስፒከር ከፊቱም ከጀርባውም ድምፅ ያወጣል፤ የጀርባው በክፍተት ሾልኮ ከፊተኛው ጋር ሲገናኝ ባሱን ይበላዋል። ያረጀ የበር ካርቶን ደግሞ እርጥበት ያጎበጠው፣ ዙሪያው የተላቀቀ፣ ራሱም የሚንቀጠቀጥ ነው። ከጀርባው የኮምፔንሳቶ ቀለበት ይጨመርለት፤ በስፒከሩ ጠርዝ ዙሪያ ስፖንጅ ይለጠፍ፤ ክፍተቶቹ ይደፈኑ። ከበሩ ግርጌ ያሉት የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ግን አይነኩ፤ በመስታወቱ ጠርዝ የሚገባው ዝናብ የሚወጣው በእነሱ ነው። በዚያው ዝናብ ምክንያት ስፒከሩም ከላዩ የፕላስቲክ ከለላ ያስፈልገዋል።

ሬዲዮው ይግላል፣ ድምፁም ይቆራረጣል

ይህ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በብዙ አሮጌ መኪናዎች ከስፒከሩ አንዱ ሽቦ ወደ ሬዲዮው፣ ሌላው ወደ መኪናው አካል፣ ማለትም ወደ ማሳ ይሄድ ነበር። በዛሬ ሬዲዮ ግን ሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ኃይል ይይዛሉ፤ አንዱ ላሜራ ከነካ ሬዲዮው ራሱን ያጠፋል፣ ሲብስም ይቃጠላል። አሮጌው ሽቦ ይቅርና ለእያንዳንዱ ስፒከር ሁለት አዲስ ሽቦ ይዘርጋለት። ሁለት ባለ4 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ስፒከሮችን በአንድ መውጫ ላይ በፓራለል፣ ማለትም ጎን ለጎን፣ ማሰርም መቋቋማቸውን ወደ 2 ኦም አውርዶ ሬዲዮውን ያስጨንቀዋል፤ አብዛኛው የመኪና ሬዲዮ ይህን አይችልም።

ከሁሉ በፊት ግን ባትሪው ይታይ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩ ብዙ ቢትሎች 6 ቮልት ናቸው፤ የዚያ ዘመን ብዙ የእንግሊዝ መኪናዎች ደግሞ ማሳቸው ፖዘቲቭ ነው። ተራው የዛሬ ሬዲዮ የሚፈልገው 12 ቮልትና ኔጌቲቭ ማሳ ነው።

ሞተሩ ሲነሣ ይጮኻል

ከሞተሩ ዙር ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ፉጨት ከዲናሞው ይመጣል፤ ጠቅ ጠቅ የሚለው ከካንዴላው። ለፉጨቱ የሬዲዮውን ማሳ ቀለሙ በተፋቀ ላሜራ ላይ ማሰር፣ ለጠቅታው ሬዚስተር ያላቸው ካንዴላዎች መግጠም ነው። ጠቅታው ጣቢያ ሲደመጥ ብቻ ከተሰማ የአንቴናው ሥር ዝጎ እንደሆነ ይመልከቱ።

የቱ ይገዛ፣ የት ይቀመጥ?

አምፕሊፋየር ከሌለ ከዋቱ ይልቅ በዲሲቤል የተጻፈው ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም ስፒከሩ በተሰጠው ጉልበት ምን ያህል ጮክ እንደሚል፣ ይታይ። የ3 ዲሲቤል ብልጫ የሬዲዮውን ጉልበት እጥፍ ከማድረግ ጋር እኩል ነው። ለቦታው እኔ የምመርጠው ከፊት ተቀማጮች እግር ጎን ያለውን ግድግዳ ነው፤ ራሱን በቻለ ሰሌዳ ስለሚሠራ ዋናው ላሜራ አይቆረጥም። በር ላይ ከሆነ መስታወቱን እስከ ታች አውርደው ጥልቀቱን ይለኩ፤ አለበለዚያ መስታወቱ ከስፒከሩ ማግኔት ጋር ይጋጫል። በቢትል የኋላ ወንበር ሥር ግን ምንም አይታሰብ፤ ባትሪው ያለው እዚያ ነው፣ የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ጫፎች ከነካ እሳት ያስነሣልና የባትሪውን ክዳን ሳያረጋግጡ ወንበሩን አይመልሱ።