«ገባዎት?» ብላችሁ አትሸኙ፦ ሰሜን ሸዋ ለተመደባችሁ አዲስ ነርሶች

መድኃኒት ሰጥታችሁ «ገባዎት?» ብትሏቸው እማማ «አዎ የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥሽ» ይላሉ። ይሄ ምርቃት ነው እንጂ መልስ አይደለም። ሰው ፊት «አልገባኝም» ማለት ይከብዳል። ከኋላ ወረፋ አለ፣ ወደ ገጠር የምትመለሰው መኪናም ልትሄድባቸው ነው።

እኔ እንዲህ እላለሁ፦ «እማማ፣ እኔ ስናገር እቸኩላለሁ፤ በደንብ አስረድቼ እንደሆን ልወቅ። ቤት ሲገቡ ልጅዎ ‹ምን አሉሽ?› ብትልዎት ምን ይሏታል?» ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ረዘመ ብላችሁ ቀድማችሁ አትመልሱላቸው። የሳቱትን ብቻ አርሙና እንደገና አስነግሯቸው። አስታማሚ ካለ እሱንም ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ ኪኒኑን ከፌስታሉ የሚያወጣው እሱ ነው።

ከማስተማራችሁ በፊት ግን ውሏቸውን ጠይቁ። መቼ ይነሳሉ? የመጀመሪያ ምግብ ስንት ሰዓት ነው? ይጾማሉ? ይሄን ሳታውቁ «ጠዋትና ማታ ከምግብ በኋላ» ማለት ለማን እንደሆነ አይታወቅም።

ለምሳሌ የወባውን መድኃኒት፣ ኮአርተምን እንውሰድ። ሸዋ ሮቢትና ወደ ቆላው ከተመደባችሁ በየጊዜው ታገኙታላችሁ። ለአዋቂ አራት አራት ፍሬ፣ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ እናንተው ፊት ከዋጡ፣ ሁለተኛው ከ8 ሰዓት በኋላ ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው። «ከ8 ሰዓት በኋላ» ስትሏቸው ግን ብዙ ሰው የሚሰማው «8 ሰዓት ላይ»፣ ማለትም ምሳ አካባቢ ነው። ስለዚህ «ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከዚያ ነገና ከነገ ወዲያ ጠዋትና ማታ» በሉ። ማንበብ ለማይችል ማሸጊያው ላይ ፀሐይና ጨረቃ ሳሉለት። የኔ ስዕል ያስቃል፣ ግን ይሠራል።

ኮአርተም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። ወተት ጥሩ ነው። ጾም ከሆነ ዘይት ያለው ሽሮ ወይም ለውዝ ይሆናል። በዋጡ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሳቸው መልሰው እንዲወስዱ፣ ከዚያም የጎደለውን እንዲያሟሉ ወደ እናንተ እንዲመጡ ንገሯቸው። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ሲለቅ የቀረውን ለጎረቤት ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ይሄን ሳይጠይቋችሁ አንሡት።

የስኳር በሽተኛና ጾም ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ስኳር የሚያወርደውን ኪኒን፣ ግሊቤንክላማይድን፣ ጠዋት ውጦ እስከ 9 ሰዓት ምንም የማይቀምስ ሰው ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። በረመዳንም ያው ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ረሃብ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ወዲያው ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ነው። ይሄን ለቤተሰቡም ንገሩ።

ጾሙን ይፍቱ ማለት ግን የእኛ ሥራ አይደለም። ክርክር ከገባችሁ «እሺ» ብለው ይሄዱና ያሰቡትን ያደርጋሉ። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ ምን እንደሚያመጣ በግልጽ ተናገሩና «የንስሐ አባትዎን ያማክሩ» በሉ። ያንኑ የመድኃኒት ትእዛዝ አስይዛችሁ ግን አትሸኟቸው። ያዘዘውን ሐኪም ወይም ጤና መኮንን ፈልጉት። ሰዓቱንም መጠኑንም የሚቀይረው እሱ ነው። ስለ ጾሙ እሱ ሳይጠይቅ እናንተ ካወቃችሁ፣ ወረፋው ቢረዝምም ቆማችሁ ንገሩት።

ጸበልም እንዲሁ ነው። ሸንኮራ ዮሐንስ ሊሄድ ለተነሣ ሰው ጸበልና ኪኒን አብረው እንደሚሄዱ ንገሩት። የቲቢ፣ የግፊት ወይም የኤችአይቪ መድኃኒቱን ለስንት ቀን እንደሚይዝም አብራችሁ ቁጠሩለት።

ከአልኮል ጋር የማይወሰደውን ሜትሮኒዳዞል ስትሰጡ «ይጠጣሉ?» አትበሉ። «ኧረ እኔ!» ነው የሚሏችሁ። ጠላን መጠጥ ብሎ የሚቆጥር ሰው ጥቂት ነው። «በዚህ ሳምንት ማኅበር ወይ ሠርግ አለብዎት?» ብላችሁ ጀምሩ፤ ጠላውም የደብረ ብርሃን አረቄውም ያኔ ይወጣል። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ሦስት ቀን ይታገሡ።

ኢንሱሊን ላይ አገራችን ሁለት ዓይነት ነው። ቆላ ሙቀቱ ያበላሸዋል፤ ፍሪጅ ከሌለ ውኃ ባለበት እንስራ አጠገብ፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ደጋ ደግሞ ብርዱን ጠብቁ፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢሟሟም ይጣላል።

የልጆች ሽሮፕ በቤት ማንኪያ አይለካም፤ ማንኪያው እንደየቤቱ ነው። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ስጧቸውና ልኩ ላይ በእስክሪብቶ አስምሩ። እናትየዋ እናንተው ፊት በውኃ ትቅዳና ታሳያችሁ።

በቀጠሮ ሲመለሱ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው እንዲመጡ አድርጉ። ኪኒኑ ከሚገባው በላይ ተርፎ ካገኛችሁ አትቆጡ። ቁጣ ከቀመሱ በሚቀጥለው ጊዜ ፌስታሉ ባዶ ይመጣል። «ምን አስቸገረዎት?» በሉ፤ ማቅለሽለሽ ይሆናል፣ የመኪና ገንዘብ ይሆናል፣ ኪኒኑን ከባል መደበቅም ሊሆን ይችላል።

ካርዱ ላይ «ትምህርት ተሰጥቷል» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። በሽተኛዋ መልሳ የነገረቻችሁን ጻፉ፦ «ማታ ከራት ጋር እወስዳለሁ አለች፤ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፤ ለጤና መኮንኑ ተነግሮታል፤ ኪኒኑን የምትሰጣት የልጇ ሚስት ናት።» ተረኛዋ ነርስ ከዚያ ትቀጥላለች።