ስለ አሜሪካ ጁዶ ሲወራ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ኦሎምፒክ በመጣ ቁጥር ስለ አሜሪካ ጁዶ ብዙ ይወራል። ወሬው ግን ብዙ ጊዜ የተምታታ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ውሰዱልኝ።)

ዋናው ስህተት ሮንዳ ራውዚን የወርቅ ባለቤት ማድረግ ነው። አይደለችም። በ2008 ቤጂንግ ላይ ያገኘችው ነሐስ ነው። ነሐሱን ግን አትናቁት፤ ከእሷ በፊት በኦሎምፒክ ጁዶ ሜዳሊያ ያጠለቀች አሜሪካዊት አልነበረችም። ወርቁ የኬይላ ሃሪሰን ነው። በ2012 ለንደን ላይ ወሰደች፣ በ2016 ሪዮ ላይ ደገመችው፣ ሁለቱንም በ78 ኪሎ። እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ ለአሜሪካ የጁዶ ወርቅ ያመጣ ሌላ ሰው የለም፤ ወንድም ሴትም። የሚያምታታው ዩኤፍሲ የሚባለው የድብልቅ ማርሻል አርት ፍልሚያ ይመስለኛል። ራውዚ እዚያ ስሟ ገነነ፣ ሰውም ዝናዋን አይቶ ወርቁን ጨመረላት።

ሁለተኛው፣ ተጋጣሚዎቹ መሬት ሲወርዱ «አሁን ዳኛው ያስነሳቸዋል» ብሎ ስልክ መነካካት ነው። ጁዶ መጣል ብቻ አይደለም። ተጋጣሚን በጀርባው ይዞ ማቆየት ወይም ክንዱን ቆልፎ እጅ ማሰጠትም ያሸንፋል። ሃሪሰን ሪዮ ላይ ፈረንሳዊቷን ኦድሬ ቹሜዮን የረታችው እንዲህ ነው። ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ ክንዷን ቆለፈችባት፣ በቃ። ስልኩን ያየ ሰው ፍጻሜው አምልጦታል።

«አሜሪካ ትልቅ አገር ናት፣ ሜዳሊያ ታፍሳለች» የሚለውም አያስኬድም። ጁዶ በ1964 ቶኪዮ ላይ ኦሎምፒክ ከገባ ወዲህ እስከ ፓሪስ ድረስ ያገኘችው በድምሩ 14 ነው። በቶኪዮ 2020ም በፓሪስም ባዶ እጇን ተመለሰች። ለምን? እዚያ አገር ጉልበተኛ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያገኘው ትግልን (ሬስሊንግ) ነው፤ ኮሌጅም የሚቀበለው በዚሁ ነው። ጁዶ የሚኖረው በክለብ፣ በአሰልጣኝና በወላጅ ኪስ ነው። ለምሳሌ ጂሚ ፔድሮን ውሰዱ። ራሱ በ1996 እና በ2004 ነሐስ አግኝቷል። ሪዮ ላይ የአሜሪካ ሁለቱም የጁዶ ሜዳሊያዎች፣ የሃሪሰን ወርቅና የትራቪስ ስቲቨንስ ብር፣ የመጡት እሱ ካሠለጠናቸው ልጆች ነው። እንደ አገር የተቆጠረው ውጤት የአንድ ጂም ውጤት ነበር ማለት ይቻላል።

ሴቶች ድሮም በኦሎምፒክ ጁዶ የነበሩ የሚመስለው ሰውም አለ። ለሜዳሊያ የተጋጠሙት ገና በ1992 ነው። ይህ እንዲሆን ከታገሉት አንዷ የብሩክሊኗ ረስቲ ካኖኮጊ ናት። በ1959 ኒውዮርክ ውስጥ ወንድ መስላ ተጋጠመች፣ አሸነፈች፤ ሴት መሆኗ ሲታወቅ ሜዳሊያዋን ተቀማች። እሷ ግን ዝም አላለችም። በ1980 የመጀመሪያውን የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና እዚያው ኒውዮርክ አዘጋጀች። የተቀማችው ሜዳሊያ በ2009 ተተካላት፣ ሃምሳ ዓመት ቆይቶ።

ጁዶን፣ ካራቴንና ቴኳንዶን አንድ ላይ መጨፍለቅም ይቅር። ቴኳንዶ ለሜዳሊያ የገባው በ2000 ሲሆን አሜሪካዊው ስቲቨን ሎፔዝ ያኔና በ2004 ወርቅ ወስዷል። በ2008 እሱ፣ ወንድሙ ማርክና እህቱ ዳያና ሦስቱም ሜዳሊያ ይዘው ተመለሱ። ካራቴ ግን ብቅ ያለው በቶኪዮ 2020 ብቻ ነው፤ ለአሜሪካ ኤሪየል ቶሬስ ነሐስ አግኝቶበታል።

አንዲት ትንሽ ነገር ደግሞ፦ መድረኩ ላይ አራት ሰው ስታዩ ተሳሳቱ አትበሉ። በጁዶ በየኪሎው ነሐስ የሚሰጠው ለሁለት ሰው ነው።