ጀርባውን የሚጥል ባጅ፣ የሚሸበሸብ ጥልፍ፦ ችግርና መፍትሄ

የባጅ መጫኛ ማሽኑን ከመፍታታችሁ በፊት የባጁን ወረቀት በጣታችሁ መካከል አሹት። በእጅ በሚሠራ ባጅ ላይ «ማሽኑ ተበላሸ» ተብሎ የሚደርሰኝ አቤቱታ አብዛኛው የወረቀት ጉዳይ ነው። ሻጋታ (የባጁ ዕቃ የሚቀመጥበትና የሚጨመቅበት የማሽኑ ክፍል) እንዴት እንደሚገጠም፣ የቱ መጀመሪያ የቱ ቀጥሎ እንደሚጫን ታውቃላችሁ ብዬ አልፈዋለሁ።

ጀርባው አልነክስ ይላል፤ ወይም ነክሶ በማግስቱ ይወልቃል

ከዚህ የበለጠ ደጋግሜ ያየሁት ብልሽት የለም። ባጁ ከማሽኑ ሲወጣ ደህና ይመስላል። ጠርዙን በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ግን ጀርባው እንደ ጠርሙስ ቆርኪ ተፈናጥሮ ይወጣል።

ባጅ ውስጥ ሙጫ የለም። የቆርቆሮ ፊት፣ የታተመ ወረቀት፣ ስስ ግልጽ ፕላስቲክና መርፌ ያለው ጀርባ ብቻ ነው። የወረቀቱና የፕላስቲኩ ትርፍ ጠርዝ በቆርቆሮው ዙሪያ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ጀርባው እሱን ነክሶ ይይዛል። አሠራሩ በ1896 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ካገኘ ወዲህ ሐሳቡ ያው ነው፤ ያኔ ሴሉሎይድ የነበረው ሽፋን ዛሬ ፖሊስተር ሆነ እንጂ።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ጠርዝ ላይ ነው። ክብ ወረቀት ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ዙሪያው ስለሚጠብ ይሸነሸናል፤ በሽንሽኑ ቦታ አንዱ ንብርብር ሦስት ይሆናል። የ80 ግራም (በካሬ ሜትር) ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ሦስት ቢደረብም ቦታ ያገኛል። ከ200 ግራም በላይ የሆነ የፎቶ ወረቀት ግን ገና ሳይሸነሸን የዚህ እጥፍ ነው። ማሽኑ ቦታ ከየት ያምጣለት?

አንድ ሰው ለሠርግ የሚታደል ባጅ በሚያብረቀርቅ የፎቶ ወረቀት አትሞ ነበር። እጀታው ግማሽ መንገድ ላይ አልወርድ ሲለው የብረት ቱቦ ቀጠለበትና ተንጠለጠለበት። ባጁ አልነከሰም፤ የእጀታው መገጣጠሚያ ግን ተሰነጠቀ። አንዲት ሴት ደግሞ «እንዲጠነክር» ብላ ወረቀቱን በላሚኔሽን ከለበጠች በኋላ የባጁን ፕላስቲክ ደረበችበት። ከሁሉ የባሰው በተለጣፊ ወረቀት አትሞ፣ የጀርባውን ልጣጭ እንኳ ሳያነሳ የጫነው ነው። ሦስቱም የፈለጉት ባጁ ያምር ወይም ይጠነክር ዘንድ ነው። እንዲያውም የሚያብረቀርቀው ፕላስቲኩ ነው፤ ወረቀቱ ማብረቅ አይጠበቅበትም። ከ80 እስከ 100 ግራም ባለ ተራ ነጭ ወረቀት አትሙ፣ ጨረሳችሁ። እጀታ ላይ ቱቦ አትቀጥሉ። በመዶሻም አትምቱት፤ ይህን የምለው የሚመታ ስላለ ነው።

የወለቀውን ባጅ አትጣሉት፤ የሚናገረው አለው። ገልብጣችሁ ጠርዙን በብርሃን ተመልከቱ። ወረቀቱ ዙሪያውን ተጨማዶ ነጭ ጭረቱ ከወጣ ወፍራም ነው። የፕላስቲኩ ጫፍ ከቆርቆሮው ከንፈር ላይ ካበቃና ወደ ውስጥ ካልገባ የተቆረጠው ክብ አንሷል። በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላው በኩል ከነጭራሹ የሌለ ከሆነ ደግሞ ሲቀመጥ ከመሃል ወጥቶ ነበር።

ክቡ የሚያንስበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ፕሪንተሩ ነው። ምስሉን ከገጹ ጋር አስማምቶ እንዲያትም የተደረገ ፕሪንተር ጥቂት በመቶ ይቀንሳል፤ በታተመው መስመር በመቀስ የሚቆርጥ ሰው ሳያውቀው ያነሰ ክብ ይቆርጣል። መጠኑ 100 በመቶ ይሁን፤ ከታተመም በኋላ በማስመሪያ ለኩት። ለ58 ሚሊሜትር ባጅ የሚቆረጠው ክብ እንደየማሽኑ ከ67 እስከ 70 ሚሊሜትር ይደርሳል። የእናንተ ማሽን የቱን እንደሚፈልግ መመሪያው ላይ አለ፤ ከሌላ ሰው ማሽን አትቅዱ።

ወረቀቱም ልኩም ትክክል ሆኖ አሁንም ካልነከሰ ዕቃው ከሁለት ቦታ የተገዛ ነው። ፊቱን ከአንዱ፣ ጀርባውን «ይረክሳል» ብሎ ከሌላው የሚገዛ ሰው አለ። ሁለት ኢንች ከሩብ 57.15 ሚሊሜትር ነው፤ በመለያው ላይ 58 ከተባለው አጠገብ ስታስቀምጡት ዓይን አይለየውም፤ ሻጋታው ግን ይለየዋል። ርካሽ ቆርቆሮ ደግሞ በዚያው ካርቶን ውስጥ እንኳ ከንፈሩ አንዱ ረዝሞ አንዱ አጥሮ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ለማስተካከል ማሽን መፈታታት ከንቱ ድካም ነው። ካርቶኑን መልሱት።

እጀታው ድንገት ተቀረቀረ

ቆርቆሮዎቹ ተደራርበው ስለሚታሸጉ ሁለቱ ተጣብቀው እንደ አንድ ይነሳሉ። አታስገድዱት። መልሳችሁ አንሱና የላይኛው ሻጋታ ውስጥ የቀረውን በጉጠት ቀስ አድርጋችሁ አውጡ። በጠመንጃ መፍቻ የሚፈለቅቅ ሰው የሻጋታውን ውስጠኛ ጠርዝ ይጭረዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ባጅ ሁሉ ያንን ጭረት ይዞ ይወጣል። ጣታችሁ ሻጋታው ውስጥ እያለ ሌላው እጃችሁ እጀታው ላይ አይሁን።

ፊቱ ይሸበሸባል፣ ቀለሙ ይፈሳል፣ ምስሉ ይጣመማል

መሸብሸብ፦ እርጥበት የጠጣ ወረቀት ነው፤ ወይም ፕላስቲኩ እርስ በርሱ ተሳስቦ ሁለት ሆኖ ገብቷል። መቀመጫው ላይ ከማድረጋችሁ በፊት እፍ በሉበት፤ ሁለት ከሆነ ይላቀቃል።

ቀለም መፍሰስ፦ የኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም የሚረጭ ፕሪንተር) ቀለም ሳይደርቅ በፕላስቲክ ታፍኗል። ያተማችሁትን አሳድሩት። የሌዘር ኅትመት ይህ ችግር የለበትም።

የጣመመ ምስል፦ የምስሉ አናትና የመርፌው አቅጣጫ አልተገናኙም። መርፌው ከመሃል ከፍ ብሎ አግድም መሆን አለበት፤ ከመሃል ዝቅ ካለ ባጁ ደረት ላይ ወደ ፊት ይደፋል። በማሽኑ ሁለት መቀመጫዎች፣ በፊቱም በጀርባውም ላይ፣ የላይኛውን አቅጣጫ በትንሽ ፕላስተር ምልክት አድርጉበት።

ዝገት፦ ቆርቆሮው ከላዩ ብቻ ነው የተለበጠው፤ በተቆረጠው ጠርዝ በኩል ብረቱ ባዶ ነው። ከውኃ አርቁት።

ባጁ ከልብስ ላይ ይጠፋል

መርፌውን ጨርቁ ውስጥ አንዴ ብቻ ወግቶ መቆለፍ በቂ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጨርቁን ውጉ፣ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ያዙ፣ መልሳችሁ አውጡ፣ ከዚያ ቆልፉ። በሹራብና በስስ ቲሸርት ላይ ከውስጥ በኩል ትንሽ ወፍራም ጨርቅ ደግፉበት፤ አለዚያ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ልብሱም ይጎተታል። የቦርሳ ማንገቻ ላይ አታድርጉ፤ ትከሻ ሲጫነው መርፌው ይጎብጣል፣ የጎበጠ መርፌ ደግሞ ከመቆለፊያው ይወጣል። ኋላው ላይ በሁለት ክንፍ የሚጨመቅ መያዣ ያለው የብረት ፒን ከሆነ ክንፎቹ በጊዜ ይላላሉ፤ በጎማ ወይም በሚቆለፍ መያዣ ለውጡት። ከማጠብ በፊት አውልቁ። ሕፃናት ልብስ ላይ ከነጭራሹ አይሁን፤ የሚዋጥም የሚወጋም ነገር ነው።

የጥልፍ አርማው ተሸበሸበ፣ ወይም ጠርዙ ተነሳ

መሸብሸቡ ከክሩ ነው ተብሎ ይታማል፤ የጨርቁ ጥፋት ነው። ስስ ጨርቅ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጥልፍ ሲጠለፍ እያንዳንዱ ስፌት ጨርቁን በጥቂቱ ይስበዋል፤ ያ ሁሉ ተደምሮ መሃሉን ያነሳዋል። ከስሩ ማጠንከሪያ ጨርቅ አድርጉ፤ በመወጠሪያው ክብ ላይ ሲነካ ድምፅ እስኪሰጥ ወጥሩት፤ ክሩን ግን አትጎትቱ፣ ጨርቁ ላይ ተኝቶ ሲቀር በቂ ነው። አንዴ የተሸበሸበን ጥልፍ ካውያ ለጊዜው ያስተኛዋል፤ ታጥቦ ሲደርቅ ይመለሳል።

በካውያ የሚለጠፍ አርማ ጠርዙ የሚነሳው ካውያውን እንደ ልብስ ወዲያ ወዲህ ስለምትነዱት ነው። ሙጫው ሳይቀልጥ አርማው ይንሸራተታል። በላዩ ስስ ጨርቅ ጣሉ፣ ያለ እንፋሎት ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑ፣ አንሱ፣ ቀጥሎ ያለውን ቦታ ተጫኑ። ገልብጣችሁም ከውስጥ በኩል ድገሙት። እስኪቀዘቅዝ ድረስ አትንኩት፤ «ያዘ ወይ?» ብሎ በትኩሱ ጠርዙን በጥፍር የሚያነሳ ሰው ራሱ ያላቀቀውን ሙጫ ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ በሚታጠብ ልብስ ላይ ሙጫውን አትመኑ፤ ዙሪያውን በክር ስፉት።

ናይሎን ላይ ካውያ አታድርጉ፣ ይቀልጣል። ውኃ በማያስገባ ጃኬት ላይ ደግሞ መርፌና ክር ያለፉበት ቀዳዳ ሁሉ ውኃ ያስገባል። አርማውን የግድ ካላችሁ ኪሱ ላይ ስፉት፤ ከኪሱ በታች ያለው ጨርቅ ሳይነካ ይቀራል።