የወንድሜን የልደት ቀን እንዴት እንዳስተካከልነው

ወንድሜ ጀርመን ጥገኝነት ሲጠይቅ የልደት ቀኑን እንደለመደው 12/5/1988 ብሎ ሞላ። ጥር 12 ማለቱ ነበር። እነሱ ሜይ 12 ብለው መዘገቡት። በአንዴ ወደ ስምንት ዓመት ተጨመረበት። ሚስቱን ለመውሰድ ሲያመለክት የጋብቻ ወረቀቱ ላይ ያለው ዕድሜ አልገጥም አለና ጉዳዩ ቆመ። ልጅቷ ስታለቅስ ማየት አልቻልኩም።

ጎንደር ያለሁት እኔ ስለሆንኩ ከእማዬ ጀመርኩ። ቀኑን በቁጥር አታውቀውም። «በጥምቀት ማግስት፣ ሚካኤል ሲገባ ነው ምጥ የያዘኝ። እልልታው ይሰማኝ ነበር» አለችኝ። ልክ ነው፣ ጥር 12።

ምስክሮች ይዤ የልደት ምስክር ወረቀት አወጣሁ።

ቀኑን ስትቀይሩ ግን ተጠንቀቁ። ጥር 12 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 20 ነው። 1988 ግን ዘመነ ዮሐንስ ነው። ከእሱ በፊት ጳጉሜ 6 ስለነበረች አንድ ቀን ይገፋል። ስለዚህ ትክክለኛው ጃንዋሪ 21 ቀን 1996 ነው። እኔም 20 ብዬ ልጽፍ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

ወረቀቱን አስተርጉሜ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ አረጋግጬ ላክሁለት። እሱም የዘመን አቆጣጠራችንን በአንድ ገጽ አስረድቶ አብሮ አስገባ። ባለፈው ሳምንት ልደቱ ተስተካከለ፤ የሚስቱም ፋይል ተንቀሳቀሰ።